«ልዩ ልዩ» የተባለው መደብ

«ልዩ ልዩ» የሚለውን ቃል ስሰማ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። ጓደኞቼ ይስቁብኛል። ዕድሩም ማኅበሩም፣ ቀበሌውም መሥሪያ ቤቱም ስብሰባውን የሚዘጋው በእሱ አይደለም ወይ፣ ቃሉ ምን በደለሽ ይሉኛል። አዎ፣ የሚዘጋው በእሱ ነው፤ እኔስ የምለው ይኼንኑ አይደል? እኛ አገር ስብሰባ ላይ የሰውን አንጀት የሚበላው ጉዳይ ሁሉ የሚቀመጠው መጨረሻ ላይ ነው። ሰው ጋቢውን መሰብሰብ ሲጀምር፣ ሰብሳቢው ሰዓቱን ሲያይ፣ «ልዩ ልዩ ላይ ያላችሁ?» ይባላል፤ መልስ ሳይጠበቅ ይጨበጨብና ሰው ይበተናል። ይኼ ልማድ አንዲት ሴት ላይ ምን እንዳደረገ ነው የምጽፈው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምር።

እኔ የመርሐቤቴ ልጅ ነኝ። ዓለም ከተማ ተወልጄ አድጌ፣ ኮምፒዩተር አጥንቼ ስመረቅ የተመደብኩት መንዝ፣ ቀየት የምትባል የደጋ ከተማ ነው። ያን ጊዜ በየወረዳው ኮምፒዩተር ይታደል ነበር። ኮምፒዩተሩ ይመጣል፣ የሚያውቀው ሰው ግን የለም፤ ስለዚህ እንደ እኔ ያለውን ትኩስ ምሩቅ አውቶቡስ ላይ ጭነው ይልኩታል። የቀየትን ብርድ ያልቀመሰ ሰው ብርድ አውቃለሁ አይበል። ጠዋት ጠዋት ጣቶቼ አልታዘዝ ይሉኝ ነበር፤ ኪቦርዱ ራሱ ውርጭ ላይ ያደረ ድንጋይ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሲንቀጠቀጥ አየኝና «ቆለኛዋ» አለኝ። ከዚያ በኋላ በሌላ ስም የጠራኝ የለም።

ከብርዱ ያዳኑኝ ጸሐፊያችን ናቸው። ሁላችንም «እትዬ» ነበር የምንላቸው። የቄስ ልጅ ናቸው፤ ፊደል የቆጠሩት ከቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው። መሥሪያ ቤቱ የታይፕ መኪና ብቻ በነበረው ዘመን ተቀጥረው፣ እኔ ስመጣ ጸጉራቸው ገብስማ ሆኖ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ከበግ ጠጉር የተሠራ የመንዝ ባና ከቤታቸው አምጥተው ትከሻዬ ላይ ጣሉልኝና፣ በብርድ ከሞትኩባቸው ለእናቴ ደብዳቤ የሚጽፉት እሳቸው ስለሆኑ ይኼን ሥራ እንዳልጨምርባቸው ለመኑኝ። ሲተይቡ ኪቦርዱን አያዩትም ነበር። ዓይናቸው ረቂቁ ላይ ነው፣ ጣታቸው ብቻውን ይሮጣል፤ ከእሳቸው እጅ የወጣ ደብዳቤ ለማረም ብዕር አያስነሣም።

ችግሩ ዓይናቸው ነበር። ደብረ ብርሃን ሄደው ሲታዩ የዓይን ግፊት ነው፣ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን በጠብታ መጠበቅ ነው ተባሉ። መጀመሪያ ወረቀቱን ጠጋ አደረጉት፣ ቆይቶ አፍንጫቸው ላይ አደረሱት፣ ኋላ ደግሞ «አንቺ ቆለኛ፣ ይችን መስመር አንብቢልኝ» ማለት ጀመሩ። ባላቸው ሞተዋል፣ መሬታቸውን የእኩል ሰጥተዋል፣ አሮጊት እናታቸውን የሚጦሩት በዚያ ወንበር ነው። ከዚያ ወንበር ከተነሡ የሚሄዱበት አልነበረም፤ እሳቸውም ያውቁታል፣ እኛም እናውቀዋለን።

በዚያው ሰሞን ቢፒአር የሚሉት ለውጥ መጣ። ያን ዘመን የኖረ ሰው ያስታውሰዋል። ሠራተኛው ሁሉ ከወንበሩ ይነሣና ለገዛ ወንበሩ እንደ አዲስ ይወዳደራል። ወንበር ያገኘ ይቀመጣል፣ ያላገኘ «ተንሳፋፊ» ይባላል። ደሞዙን እየበላ ሥራ የሌለው፣ ዛሬ ነገ እየተባለ መባረሩን የሚጠብቅ ሰው ማለት ነው። ይኼን ስም ያወጣ ሰው ስለ ቡሽ እንጂ ስለ ሰው ያሰበ አይመስለኝም። የእትዬም ተራ እየደረሰ ነበር፤ የጸሐፊነት ፈተና ሊሰጥ ነው፣ ፈተናው ደግሞ በእጅ የተጻፈ ረቂቅ እያዩ መተየብ ነው።

እንግዲህ ዲስኮች የመጡልን ያን ጊዜ ነው። ፍላሽ በሰካ ቁጥር ቫይረስ የሚያስገባ ሰው በዝቶ ኮምፒዩተሮቻችን ሁሉ ታመው ነበር። ቫይረስ የማይደፍረው ነጻ ሲስተም ጫኑ ተባልን፤ ከእሱ ጋር በሺህ የሚቆጠሩ ነጻ ፕሮግራሞችን የያዘ አንድ ካርቶን ዲስክ ተላከልን። ኢንተርኔት አለን ከማለትማ ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይቀላል፤ ስለዚህ የምናገኘው ሁሉ ያ ካርቶን ውስጥ ነው። ኃላፊያችን ጠራኝና የፕሮግራሞቹን ካታሎግ በመደብ በመደቡ ከፋፍዬ፣ ለእያንዳንዱ በአማርኛ ቁልፍ ቃል አበጅቼ፣ ማንኛውም ሠራተኛ ቃል ጽፎ የሚፈልገውን እንዲያገኝ እንዳደርግ አዘዘኝ። ይኼ ኃላፊ በዕድሜ ከእኔ ብዙም አይበልጥም ነበር፤ ሥልጠና በሥልጠና ላይ የወሰደ፣ «ቀጣይነት ባለው መልኩ» ከአፉ የማይጠፋ ሰው። ፊት ለፊት አንቱ እለው ነበር፤ እዚህ ግን ብዕሩ በእኔ እጅ ነውና አንቱታው ቀርቶበታል።

ሥራውን ወደድኩት፤ ይኼን አልክድም። ካታሎጉ እንግሊዝኛ ነው። ለእያንዳንዱ ፕሮግራም አንድ አንቀጽ አለው፤ መጀመሪያ ስሙ፣ ከዚያ የሚገባበት ክፍል፣ ከዚያ ያለ የትኛው ሌላ ፕሮግራም እርዳታ እንደማይሠራ፣ ከዚያ ምን እንደሚያደርግ ጥቂት መስመር፣ ከዚያ ባዶ መስመርና ሌላው ይቀጥላል። ይኼን በእጅ ልሥራ የሚል ሰው ዕድሜው አይበቃውም። ባዶ መስመሩን እየተከተለ አንቀጾቹን የሚቆርጥ፣ ስሙን ለብቻ፣ ክፍሉን ለብቻ፣ መግለጫውን ደግሞ ቃል በቃል እየፈታ ለብቻ የሚያስቀምጥ ትንሽ ፕሮግራም ጻፍኩ። መብራት እየሄደ፣ ጀነሬተሩ ነዳጅ የለውም እየተባለ፣ ስንቴ ከመሀል ተቋርጦብኝ ከሀ ጀመርኩ። በመጨረሻ ያ ሁሉ አንቀጽ ተበጥሮ ጎተራ እንደገባ ገብስ ተደርድሮ ሳየው ብቻዬን ሳቅሁ።

የቀረው አማርኛው ነው። እዚህ ላይ መዝገበ ቃላት ይዤ ብቀመጥ ኖሮ ማንም የማይናገረው ቃል እሞላ ነበር፤ ኃላፊው የፈለገውም እሱኑ ነው። እኔ ግን ቢሮ ለቢሮ ዞርኩ። ይኼ ፕሮግራም እንዲህ ያደርጋል፣ ቢያስፈልግህ ምን ብለህ ትጠይቀኛለህ እያልኩ። የፋይናንሱ ሰውዬ ፋይል የሚያሳንሰውን ፕሮግራም ሳስረዳው «ፍላሽ ላይ አልገባ አለኝ ነዋ የምልሽ» አለኝ። የመሬት ክፍሏ ሴትዮ የጠፋ ጽሑፍ የሚመልሰውን ስነግራት «ወይኔ ጠፋብኝ» ከማለት ሌላ ምን እላለሁ አለች። ሁሉንም እንዳሉት ጻፍኩ። ሰው ጤና ጣቢያ ሄዶ የመድኃኒቱን ስም አይጠራም፣ ሕመሙን ነው የሚናገረው፤ ኮምፒዩተሩም ሕመሙን መስማት አለበት የሚል አቋም ነበረኝ። አሁንም አለኝ፣ አልተለወጥኩም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ካታሎጉ ውስጥ «ድምፅ» የሚለውን ክፍል ስፈትሽ፣ ዘፈን ከሚያጫውቱት ፕሮግራሞች መሀል አንዱ መግለጫ ዓይኔን ያዘው። በስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ማየት ለማይችል ሰው ጮክ ብሎ ያነባል ይላል። ከሚያነባቸው ቋንቋዎች መሀል አማርኛ አለ። አማርኛ! ከወንበሬ ተነሥቼ ሮጥኩ፤ ባናው ወደቀ። በዚያው ቀን እትዬ ኮምፒዩተር ላይ ጫንኩላቸው።

አማርኛው አማርኛ ነው ከተባለ ነው። የሚጠብቀውን ያላላል፣ የሚላላውን ያጠብቃል፤ አማርኛ ትናንት የጀመረ ፈረንጅ ይመስላል። እትዬ የራሳቸውን ደብዳቤ ሲያነብላቸው ሰምተው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ይኼ ሰውዬ ቅዳሴ ቢገባ ሕዝቡን ሁሉ ያስት ነበር አሉ። ከዚያ እንደገና አስነበቡት፤ እንደገና። ገባኝ፤ ለእሳቸው ጨዋታ አልነበረም። አንድ ሰው ረቂቁን ያነብላቸዋል፣ እሳቸው ይተይባሉ፣ ፕሮግራሙ መልሶ ያነብላቸዋል፤ ስህተት ካለ በጆሮ ይይዙታል። «ፈረንጁ» የሚል ስም አወጡለት። ጠዋት ሲገቡ መጀመሪያ የሚሉኝ ፈረንጁን ቀስቅሽልኝ ነው።

ለእሱም ቁልፍ ቃል ያስፈልገው ነበርና እንደ ሌሎቹ ጠየቅኋቸው። ይኼን ፕሮግራም የሚፈልግ ሰው ምን ብሎ ይጽፋል አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና «ዓይኔ ደከመ ነው የምለው» አሉኝ። እንዳለ ጻፍኩት። መደቡንም «ለደከመ ሰው» ብዬ ሰየምኩት፤ ፊደል የሚያጎላውንም፣ እጁ ለሚንቀጠቀጥ ሰው ኪቦርድ የሚያለዝበውንም እዚያው አስገባሁ።

ከዚያ ኮሚቴ ተቀመጠ። የለውጥ ኮሚቴ ይሉታል፤ ኃላፊው ሰብሳቢ ነው፣ ሌሎቹ ራስ ነቅናቂ ናቸው። መደቦቼን አሳየሁ። ኃላፊው ገና ግማሹን ሳያይ ራሱን በእምቢታ ወዘወዘ። መደብ የሚባለው የሥራ ሂደት ነው አለ። ዋና የሥራ ሂደት አለ፣ ደጋፊ የሥራ ሂደት አለ፤ እያንዳንዱ ፕሮግራም በአንዱ ሥር ይገባል፤ ያልገባው «ልዩ ልዩ» ይባላል፣ አለቀ። ሰው እየፈለገ ሳይሆን ሥራ ሂደቱ እየፈለገ ነው የሚያገኘው አለ። የሥራ ሂደት ኪቦርድ ላይ ሲጽፍ አይቼ አላውቅም። እንዲህም ብዬ ነገርኩት፤ አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ? አጠገቤ ያለው የኮሚቴ አባል እግሬን ረገጠኝ፤ ዝም አይነቅዝም ማለቱ ነው።

ወደ ቁልፍ ቃላቱ ሲደርስ «ዓይኔ ደከመ» የሚለው ላይ ቆመ። ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ይኼ ቁልፍ ቃል ነው? ይኼ እኮ ብሶት ነው» አለ።

ሰረዘና በቦታው «የእይታ ውስንነት ላለባቸው አካላት የተግባቦት ድጋፍ ሰጪ መተግበሪያ» ብሎ ጻፈበት። ይኼን ሙሉ ለመተየብ ጤነኛ ዓይን ያስፈልጋል፤ ጤነኛ ዓይን ያለው ሰው ደግሞ ፕሮግራሙን ምን ያደርግለታል? እንዲህ ብዬ ጠየቅሁ። በሂደት ይታያል ተባለ። እናንተ የጓሳ አገር ሰዎች ናችሁ አልኳቸው፤ የጓሳን የወል ሣር ስትካፈሉ ይኼ ለቤት ክዳን፣ ይኼ ለገመድ፣ ይኼ ለከብት እያላችሁ ነው፣ የተረፈውን ልዩ ልዩ ሣር ብላችሁ እሳት ስትለቁበት አላየሁም። ሳቁ። ከሳቁ በኋላ ግን አንድም ሰው አፉን ከፍቶ ልክ ነች አላለም፤ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም።

«ለደከመ ሰው» ያልኩት መደብ እንዳለ ልዩ ልዩ ውስጥ ተጠቀለለ። ዋናው ሂደት ጸደቀ፣ ደጋፊው ጸደቀ፤ ልዩ ልዩ ላይ ሲደረስ የምሳ ሰዓት ሆነ። በይደር ተባለ። በይደር ማለት የተቀበረ ማለት ነው፣ እሱን እንኳን ለአበሻ መንገር አያስፈልግም። የከፋው ግን ከዚያ በኋላ የወጣው ትእዛዝ ነው፤ ፈተናው የሚሰጠው የጸደቁት ፕሮግራሞች ብቻ በተጫኑበት ኮምፒዩተር ነው ይላል። ፈረንጁ አልጸደቀም።

ኃላፊው ቢሮ ሄድኩ፤ ለመንኩት። እኔ ሰው መለመን የማልወድ፣ እናቴ «አንቺ በርበሬ» እያለች ያሳደገችኝ ሴት፣ እጄን አጣምሬ ቆሜ ለመንኩት። ፕሮግራሙ ይቅር፣ ቢያንስ አንድ ሰው ረቂቁን ያንብብላቸው አልኩ። ለአንዱ ተፈታኝ እየተነበበ ለሌላው ካልተነበበ አድልዎ ነው አለኝ። ፍትሐዊ መሆን አለብን አለኝ። እግዚኦ! ይኼን ቃል በዚያ አፍ ከሰማሁ ጀምሮ ፍትሕ የሚል ሰው ሁሉ ያስደነግጠኛል።

የፈተናው ቀን እትዬ ነጭ ነጠላቸውን ለብሰው መጡ። ኃላፊው በራሱ እጅ የጻፈው ረቂቅ ተሰጣቸው። ወረቀቱን አፍንጫቸው ላይ አስጠጉት፣ ወደ መስኮቱ ዞሩ፣ ተመለሱ። ያዩትን ያህል ጻፉ፤ ያላዩትን ዘለሉት። ከጻፉት ውስጥ አንድ የተሳሳተ ፊደል አልነበረም፤ ገጹ ግን ግማሹ የለም። ወንበሩን አንዲት አዲስ ምሩቅ አገኘችው። በልጅቷ አልፈርድም፤ በትምህርት ቤቷ ኮምፒዩተር ስላልበቃ መተየብ የተማረችው ካርቶን ላይ በተሣለ ኪቦርድ ነው። ውጤቱ ሲለጠፍ እኔ አንብቤ ነገርኳቸው። ተንሳፋፊ ተብለዋል አልኩ እያለቀስኩ።

«ምን ታለቅሻለሽ? ኖኅም ተንሳፍፏል» አሉኝ። «እሱ ግን መርከብ ነበረው።»

ቦታ ሲያጡላቸው ዕቃ ቤት አስቀመጧቸው። እግሩ የተሰበረ ወንበር፣ የድሮ የታይፕ መኪና፣ የተጠቀለለ መፈክር ያለበት ክፍል ነው። ጠዋት ይገባሉ፣ ማታ ይወጣሉ፤ በመሀሉ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ይቀመጣሉ። ያን አይቼ ሦስት ቀን አልታገሥኩም። ከተጣሉት ኮምፒዩተሮች የአንዱን ሆድ በሌላው አንጀት ጠግኜ አንድ አስነሣሁ። ፈረንጁንም ጫንኩበት፤ ጸደቀ አልጸደቀ ዕቃ ቤት ገብቶ የሚያይ የለም። ድምፁን ሲሰሙ «መርከቡ መጣ» አሉ እትዬ።

ከዚያ የሆነው ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። አዲሷ ልጅ አንድ ቀን የሩብ ዓመት ሪፖርት ይዛ ዕቃ ቤት መጣች። ኃላፊው ሁለት ጊዜ መልሶባታል፣ ዓይኗ በልቅሶ አብጧል። እትዬ አስቀመጧትና አንብቢልኝ አሏት። እሷ አነበበች፣ እሳቸው ተየቡ፣ ፈረንጁ መልሶ አነበበ፤ ሪፖርቱ ንጹሕ ሆኖ ወጣ። በማግስቱ ሌላ ይዛ መጣች። ቆይቶ ፋይናንሱም፣ መሬት ክፍሉም ረቂቃቸውን ይዘው በጓሮ በር መምጣት ጀመሩ። የመሥሪያ ቤቱ ጽሑፍ በሙሉ የሚወጣው ከዕቃ ቤት ሆነ፤ ሥራ የላቸውም በተባሉት ሴት እጅ። ኃላፊው አያውቅም ነበር ለማለት ይከብደኛል። ደብዳቤው በድንገት እንዲህ ሲያምር ከየት መጣ አይልም? ግን አልጠየቀም፤ በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል።

ገብስ የሚታጨድበት ወቅት ሲደርስ ትልቁ ስብሰባ ተጠራ። ካታሎጉ በአዲሶቹ መደቦች መከፋፈሉ እንደ ትልቅ ውጤት ቀረበ፣ ተጨበጨበ፤ እኔንም አስነሥተው አጨበጨቡልኝ። እንደዚያ ቀን ያፈርኩበት ጭብጨባ የለም። የጀመርኩትን ሥራ አንገቱን ቀንጥሰው ሬሳውን ይሸልሙኛል። ሌላ ሌላው ሁሉ ካለቀ በኋላ፣ ሰው እየተነሣ ሳለ፣ ኃላፊው «ልዩ ልዩ ላይ አንድ ነገር አለ፣ የተንሳፋፊዋ ጉዳይ» አለ። ስማቸውን እንኳ አልጠራም። ወንበር ሊገኝላቸው ስላልቻለ አገልግሎታቸው እንዲቋረጥ ሐሳብ ቀረበ። እጄን አወጣሁ። ጊዜ ሄዷል ተባለ፤ ተጨበጨበ። ረቂቆቻቸውን በጓሮ በር ያመላለሱት ሁሉ አጨበጨቡ።

ሌላ ሰው እንዳይነግራቸው ሮጬ እኔው ነገርኳቸው። እናታቸውን አነሡ፤ መሬቱን ከእኩል አስመልሰው ራሳቸው ያርሱ እንደሆነ፣ ዓይን የሌለው ሰው ሞፈር ቢይዝ በሬው የት እንደሚወስደው አሰላሰሉ። ከዚያ የፋይናንሱን ረቂቅ አንብበሽ ጨርሺልኝ አሉኝ፤ ማንበቡን ቀጠልኩላቸው።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አዲሷ ልጅ የዕቃ ቤቱ በር ላይ ቆማ አየኋት። እጇ ላይ ረቂቅ አለ፤ አልገባችም፣ አልሄደችም። ምን እንደሆነ ገባኝ። የስንብት ደብዳቤው ነው። ኃላፊው በእጁ ጽፎ ተይቢው ብሏታል፤ እሷ ደግሞ ብቻዋን ሞክራ አበላሽታዋለች፣ ዛሬውኑ ካልደረሰ ወዮልሽ ተብላለች። ቀድጄ ልጥለው እጄን ዘረጋሁ። እትዬ ኮቴያችንን ሰምተው ኖሯል።

«ማናት? ግቢ» አሏት። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ምን እንደያዘች ተናገረች። እትዬ ወንበራቸውን አስተካከሉ፣ ጣቶቻቸውን ኪቦርዱ ላይ አሳረፉ።

«አንብቢ። ሥራ ነው።»

አነበበች። እትዬ እንደ ማንኛውም ደብዳቤ ተየቡት፤ ቁጥር፣ ቀን፣ ጉዳዩ፣ ሁሉንም። ሲያልቅ ፈረንጁ መልሶ አነበበው። የሚጠብቀውን እያላላ፣ የሚላላውን እያጠበቀ፣ የጽሕፈት ሥራ ማከናወን የማይችሉ ሆነው ስለተገኙ አገልግሎትዎ የተቋረጠ መሆኑን እናስታውቃለን አለ። እትዬ ጆሯቸውን አዘንብለው እስከ መጨረሻው ሰሙት። መጨረሻው ላይ ግንባራቸውን ቋጠሩ።

«ይኼስ መዝጊያ የለውም» አሉ። «ደብዳቤ እንዲህ ተቆርጦ አይወጣም።»

ከሥር አንድ መስመር ጨመሩበት፤ እስካሁን ላበረከቱት አገልግሎት መሥሪያ ቤቱ ምስጋናውን ያቀርባል የሚል። በዚያ ሁሉ ዓመት ለስንቱ ተሰናባች የጻፉት መስመር ነው፤ ለእሳቸው የጻፈላቸው ባይገኝ ራሳቸው ጻፉት። ከዚያ አትሚው አሏት።

ደብዳቤውን ይዤ ከልጅቷ ጋር ኃላፊው ቢሮ የገባሁት እኔ ነኝ። ወረቀቱን አየው፤ ከላይ እስከ ታች አየው፤ አንድ የሚታረም ፊደል አላገኘበትም። ፈረመ። ቀና ብሎ ልጅቷን አመሰገናት፤ እጅሽ ተፍታቷል፣ ቀጣይነት ባለው መልኩ በርቺ አላት። ልጅቷ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም። ይኼን ደብዳቤ የተየቡት እትዬ ናቸው አልኩት። ያለፈውንም ሪፖርት፣ ለዞን የሄደውንም ደብዳቤ፣ ከፈተናው ወዲህ የፈረምክበትን ወረቀት ሁሉ የተየቡት እሳቸው ናቸው፤ መተየብ አይችሉም የሚለውን ቃል ራሱ የተየቡት እሳቸው ናቸው አልኩ። አንቱታውም ያን ቀን ጠፋኝ።

ብዕሩን ከደነ። ማኅተሙን ሳበና ደብዳቤው ላይ መታበት። ፊቱ ላይ ቁጣም እፍረትም አላየሁም፤ ያናደደኝም ይኼው ነው።

«ጥሩ ነጥብ ነው» አለኝ። «በሚቀጥለው ስብሰባ ልዩ ልዩ ላይ አንሺው።»

አነሣሁት። ሰው ጋቢውን እየሰበሰበ ነበር።